ሁለት ግራ ጫማ

ነሐሴ ነበረ። ከቶትናም ወዲያ ሰማዩ ቀልቷል፤
ፖሊስ የለም አሉ፤ ፖሊስ ሌላ ሰፈር እሳት ይጠብቃል።
አባቴ ፀጉር ቤቱን በጊዜ ዘጋና
የብረት መዝጊያውን እስከ ታች ሳበና
«ዛሬ ወንድ ነህ» አለኝ፣ «ባትሪውን ያዝና
ከኋላዬ ቁም።»

አሥራ ስድስቴ ነው። ጎዳናው ሞልቷል፤
ሥጋ ሻጩ ዘይነል ከነሽርጡ ወጥቷል፣
ጋዚ ከከረንቡላው ቤት ዘንጉን ተሸክሞ፣
ወርቅ ሠሪው ሳትልምሽ በር በሩ ላይ ቆሞ፣
ጂዋን ባቅላቫ ጋጋሪው መዳመጫ ታጥቆ፣
ሻይ ይዞራል መሐል በትንሽ ብርጭቆ።
ሠርግ ይመስል ነበር ከዱላው በስተቀር፤
እኔም፣ እውነት ለመናገር፣
ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሌሊቱ ሰባት ግድም፣ ከጫማ ቤቱ ጎን
ሦስት ሆነው ወጡ፤ ሁለቱ አመለጡን።
አንዱን ዘይነል ያዘው በሹራቡ ቆብ፣
ጎትቶ አመጣልን ወደ ባትሪው ክብ።
አበራሁ ፊቱ ላይ።
ኬሮን ነው። የማርቫ፣ የአውቶቡስ ነጂዋ ልጅ፣
በአንድ ፓኬት ብስኩት ሒሳብ የሚያስኮርጀኝ የክፍል ወዳጅ።
አየኝ፤ አላየኝም። ብርሃኑ መትቶታል፤
ከብርሃን ኋላ ያለ ሰው ለማን ይታያል?

ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባላል፤
እሱ አላለቀሰም።
«እናቱ ያልቀጣችውን መንገድ ይቀጣዋል» ሲል አንዱን ሰማሁ፤
ማን እንደሆን ረሳሁ።
አባቴ ነው። አልረሳሁም።

ቀበቶ ተፈታ፤ ዘንጉም ተነሣ፤
ቆጠርሁ እስከ ዘጠኝ፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ ተረሳ።
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እሱ ነው የሚቆጨኝ፣
የጸናው እጄ ነው እስከ ዛሬ ድረስ እንቅልፍ የሚነሣኝ።

ጋዚ «ይበቃል» ብሎ ከረጢቱን ዘረገፈ፦
ሁለት የስፖርት ጫማ፤ ነጭ፣ ዋጋው እንደተለጠፈ፣
ሁለቱም የግራ።
መስኮት ላይ የሚደረድሩት አንድ አንድ እግሩን ነው፣
ጥንዱ ከጓዳ ተቆልፎ ነው የሚያድረው።
ዘይነል ሊስቅ ሞከረ፤ ማንም አልተከተለው።
ግራ ገባው ስንል እኛም ግራ ገባን፤
ቀኙን ከዚያ ሌሊት ወዲህ ማንም ጋ አጣን።

በማግስቱ ጋዜጣ «ጀግኖች» ብሎ አወጣቸው፤
ከፎቶው ዳር አንድ ክንድ አለ፤ ባትሪውም ያው።
አባቴ ቆርጦ ለጠፈው፣ ከመስታወቱ ጎን።
ማርቫ በየቀኑ፣ ፊት ለፊታችን ካለው ፌርማታ
አውቶቡሷን አቁማ፣ በሩን ከፍታ
ትጠብቅ ነበረ፤ የሚወጣም የሚወርድም ሳይኖር፣
ሳትነፋ ጥሩንባ፣ ሳትናገር።
ኬሮን መስከረም ላይ ትምህርት ቤት መጣ፣ ቆቡን እንዳጠለቀ፤
ሒሳቡን አስኮረጀኝ።
ብስኩቱን አልነካም።

ዛሬ ፀጉር ቤቱ የኔ ነው። ጋዜጣው ወይቧል፤ ለምን እንዳላነሣሁት እንጃ።
ባለፈው ቅዳሜ ኬሮን ትንሽ ልጁን አስከትሎ ገባ።
መጀመሪያ እሱን። ከጆሮው በላይ፣ አራት ጣት ያህል፣
ቶንዶዙ ተሰናከለ፤ ያቺ መስመር ፀጉር አብቅላ አታውቅም።
በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። አሁን አየኝ።
ወሬ አነሣን፣ ስለ ቤት ኪራይ።
ከዚያ ልጁ ወጣ፣ ትራስ ተደርቦለት፤
ተቁነጠነጠ።
«ረባሽ ነው» አለ ኬሮን፣ «አንገቱን ያዝ አድርግልኝ፣ ይማር።»
እጄን አነሣሁ። አላሳረፍሁትም።
ቶንዶዙን አጥፍቼ ጠበቅሁ እስኪሰክን፣
በሩ እንደተከፈተ እንደዚያ አውቶቡስ።
ብዙ ቆየን።

ሲወጡ ኪሱን እየደባበሰ
«ሒሳብ ስንት ነው?» አለኝ።
ድፍን ሃምሳ ፓውንድ ዘረጋ።
መልስ አልነበረኝም።